ዞሮ ያየ የውሃ አባት

አንድ የውሃ አባት ነበረ።

ያን ስልክህን ገልብጠህ አስቀምጠውና ስማኝ። ትናንት ስትመጣ የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም። «የኔታ፣ እኛን የመረጠን ሕዝቡ ራሱ ነው። በየመንገዱ ካሜራ የሰቀልነው፣ የሰውን ስልክ የምንሰማው፣ ማን ከማን ጋር እንደዋለ የምንጠይቀው ለራሱ ደኅንነት ብለን ነው። ታዲያ ለምን አደባባይ ወጥቶ ይጮህብናል? ንጹሕ ሰው ቢታይ ምን ይጎዳዋል?» አልከኝ። ቁጣ ነው ብለህ ነው የተናገርከው። እኔ ግን ፊደል ያስቆጠርኩህ ሰው ነኝና ሌላ ነገር ሰማሁበት። ቀንተሃል ልጄ። ስለዚህ የምነግርህ የቅናተኛ ሰው ታሪክ ነው።

የከተማ ልጅ ነህና የውሃ አባት ምን እንደሆነ አስቀድሜ ልንገርህ። ከተራራ የምትወርድ ትንሽ ወንዝ ጠልፈው፣ በገደሉ ወገብ ላይ ቦይ ቆፍረው፣ በበጋ ሽንኩርትና ገብስ የሚያለሙ ሃምሳ ያህል ባለማሳዎች ነበሩ። ውሃው ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ ማን በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያጠጣ የሚወስን፣ ሲጣሉ የሚዳኝ፣ ቦዩ በደለል ሲሞላ ሕዝቡን ጠርቶ የሚያስጠርግ አንድ ሰው በየዓመቱ ይመርጣሉ። የውሃ አባት የሚሉት እርሱን ነው። ደመወዝ የለውም። ያለው ክብር ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ለዓመት።

ይህ ሰውዬ ጥሩ የውሃ አባት ነበር። በየጧቱ አካፋውን ተሸክሞ ቦዩን ከአፉ እስከ ጫፉ ይዞራል። የራሱን ማሳ የሚያጠጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ዓመት ውሃው ሲያንስ የጎረቤቶቹ ሽንኩርት ለምልሞ የእርሱ ደርቆ ቀርቷል። ይህን የምነግርህ ክፉ ሰው እንዳይመስልህ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ለሌላ ሰው እነግረው ነበር እንጂ ለአንተ አልነግርህም።

የእነዚያ ሰዎች አመራረጥ እንደ እናንተ በወረቀት አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ ቦዩ ከመከፈቱ በፊት አንድ ጧት ገደሉ ሥር ይሰበሰባሉ። እጩዎቹ ፊታቸውን ወደ ገደሉ፣ ጀርባቸውን ወደ ሕዝቡ አድርገው ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ይከናነባሉ። ማሳ ያለው ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ምንም ሳይናገር እየመጣ ከሚፈልገው ሰው ኋላ ይቆማል። አንድ ሽማግሌ ትከሻ ትከሻቸውን እየነኩ ይቆጥራሉ። ከዚያ ሕዝቡ ተበትኖ ይደባለቃል፤ ሽማግሌው «ተነሡ» ይሉና የተመረጠውን ስም ይጠራሉ። በስንት ሰው እንዳሸነፈ አይናገሩም። ቆመው የነበሩትም ማን ከማን ኋላ እንደቆመ ለእጩው አይነግሩትም። ነውር ነው፤ ነገ ሄደው ውሃ የሚጠይቁት እርሱን ነዋ። ጥላቻም ፍቅርም በመካከላቸው ገብቶ ተራ እንዲያዛባ አልፈለጉም።

የእኛ ሰው ሦስተኛ ጊዜ በተመረጠበት ቀን ደስ ብሎት ቦዩን እያየ ሲወርድ ከሸማኔው አጥር ውስጥ ሳቅ ሰማ። ሸማኔው በዚያው ጧት ከእርሱ ጋር ለውሃ አባትነት ተቀምጦ የተሸነፈ ሰው ነው። ማሳው ትንሽ ናት፤ የሚያኖረው ሽመናው ነው። ጨዋታ አዋቂ ስለሆነ ፈትል ይዞለት የሄደ ሰው ሳይስቅ አይመለስም። የውሃ አባቱ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ ተመለከተ። አሥር ያህል ሰዎች ሽመና ጉድጓዱ ዳር ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

«ገደሉን ጧት ሙሉ ሳየው ዋልኩ» ይላል ሸማኔው። «በሚመጣው ዓመት እሱን ነው መምረጥ። ከሁለታችንም ይሻላል፤ ቢያንስ ቦይ ጥረጉ ብሎ አይጨቀጭቃችሁም።»

ጨዋታ ነው፤ የሚያስቀይም ነገር የለበትም። የውሃ አባቱ ግን ልቡን ወጋው። «እኔን መረጡ፤ የሚስቁት ከእርሱ ጋር ነው» አለ በሆዱ። ሲያዩት ብድግ ይላሉ፣ እጅ ይነሣሉ፣ ስለ ተራቸው ይጠይቁታል፣ ይሄዳሉ። ከእርሱ ጋር እንዲህ የሳቀ ሰው አለ? ሽንኩርቱ የደረቀበት ለማን ብሎ ነው? ደግሞ ከእነዚህ ከሚስቁት ውስጥ ጧት ከእርሱ ኋላ የቆመው የትኛው ነው? እስከዚያ ቀን ድረስ አስቦት የማያውቀውን ይህን ጥያቄ ይዞ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ከአባቷ የወረሰችው ማሳ ስላላት በራሷ ትመርጣለች።

«ዛሬ ከማን ኋላ ቆምሽ?» አላት።

ሳቅ አለች። «ነውር አይደለም እንዴ?»

«ባልሽ ነኝ።»

«ባሌማ ነህ። አሁን ግን የምትጠይቀኝ እንደ ውሃ አባት ነው።»

«ከእኔ ኋላ ብትቆሚ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር።»

«ብቆምም አልነግርህም» አለች ባቄላዋን ሳትተው። «ዛሬ ከነገርኩህ ሌላ ጊዜ ዝም ባልኩ ቁጥር ልትጠረጥረኝ ነው።»

ብልህ ሴት ነበረች። እርሱ ግን ከተናገረችው ሁሉ ይዞት የሄደው ሳቋን ነው። ሸማኔው ቤትም እንዲህ ትስቅ ይሆን ብሎ አሰበ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቅናቱ ሕዝቡንና ሚስቱን መለየት አቃተው፤ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ይጠረጥር ጀመር።

በዚያ በጋ አንድ ሰው ተራው ሳይደርስ ቦዩን ሰብሮ ውሃ ወደ ማሳው አስገባ። በየዓመቱ የማይጠፋ ነገር ነው፤ ይዳኛል፣ ይካሳል፣ ያልፋል። የውሃ አባቱ ግን ሕዝቡን ሰበሰበና «ውሃችሁ እየተሰረቀ ነው። ጠባቂ ልሹምላችሁ» አላቸው። ሁሉም «ደግ ብለሃል» አሉ። ውሃው እንዲጠበቅለት የማይፈልግ ማን አለ? አምስት ሰዎች ሾመ። ቦዩ በሚታጠፍባቸው አምስት ቦታዎች ላይ ጎጆ ሠራላቸው። እውነትም ስርቆቱ ቆመ። እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም አፌን ዘግቼ ሻዬን በጠጣሁ።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ከጠባቂዎቹ አንዱን ጠየቀው።

«ውሃ የነካ አለ?»

«የለም፣ ጌታው።»

«ታዲያ ማን መጥቶ ነበር?»

«ሴቶች ልብስ ሊያጥቡ መጥተው ነበር።»

«ምን ያወራሉ?»

ጠባቂው ግራ ገባው። «ጌታው፣ እኔ እኮ የተቀመጥኩት ለውሃው ነው።»

«ውሃው ራሱን አይሰርቅም» አለ የውሃ አባቱ። «የሚሰርቀው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ከመስረቁ በፊት ያወራል።»

ንግግሩ ብልሃት ያለው ይመስላል አይደል? በእናንተም ቢሮ ሳይነገር አይቀርም። ጠባቂውም አሳማኝ መሰለውና የሰማውን ነገረው። ትርንጎ የሚባሉ አሮጊት «ባለፈው ተራዬን ግማሽ ቀን አሳጠረብኝ» ብለው ሲያጉረመርሙ ሰምቷል።

እውነታቸውን ነበር። የውሃ አባቱ ተሳስቶ ኖሯል። ፊት ለፊት ቢነግሩት «ይቅርታ እናቴ» ብሎ በማግሥቱ ያስተካክልላቸው ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው። አሁን ግን በሰው ጆሮ ሲሰማው ሌላ ሆነበት።

«ለማን ነው ያወሩት?» አለ።

«ለሸማኔው ሚስት።»

በቃው። በሚቀጥለው ሳምንት የትርንጎ ተራ ውሃው በሚቀንስበት ሰዓት ላይ ዋለ። ሳላስበው ነው አለ ለራሱ። አስቦበታል።

ሰው ሞኝ አይደለም። ትርንጎ የተናገሩት የት እንደሆነ፣ የተቀጡት መቼ እንደሆነ ሁሉም አሰላው። ልብስ ማጠቢያው ቦታ ዝም አለ። ጠባቂዎቹ የሚያመጡት ወሬ ሲያልቅባቸው፣ ባዶ እጅ መግባት ከበዳቸውና መጨመር ጀመሩ። «ሸማኔው ዛሬ ሲስቅ ነበር» ይላል አንዱ። «በምን ሳቀ?» ይላል የውሃ አባቱ። «አልሰማሁም፤ ዓይኑ ግን ወደ እርስዎ ቤት ነበር።» እርሱም ይህን ደጋግሞ ያስነግረዋል። ቁስሉን እያከከ የሚያደማ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ያማል፣ ግን አይተወውም። ወሬው ባሳመመው መጠን እውነት መሰለው፤ ደስ የሚያሰኝ ነገር የነገረውን ጠባቂ «አታለሉህ» እያለ ይመልሰዋል።

ሚስቱም አልቀረላትም። ሴቱ ሁሉ እንደሚያደርገው ፈትሏን ይዛ ወደ ሸማኔው ሄደች። ጠባቂው ስትገባ ፀሐይ የት እንደነበረች፣ ስትወጣ የት እንደደረሰች ቆጥሮ ነገረው። ማታ ጠየቃት። በማግሥቱ እንዝርቷን ሰቀለች፤ ጥጥ መፍተሉን ተወችው። ነጠላዋ ሲያልቅ የገበያ ገዛች።

በጋው ሊያልቅ ሲል ሕዝቡ በጠራራ ፀሐይ ተሰብስቦ ወደ ቦዩ አፍ መጣ። ዱላ የያዘ የለም። ትርንጎ ከፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ውሃውን ጠብቅ። ወሬያችንን ግን ተውልን» አሉት።

«ክፉ ያላወራ ሰው ምን ያስፈራዋል?» አላቸው።

«እኔ ገላዬን ስታጠብ በሬን እዘጋለሁ። ገላዬን ከማን ሰርቄው ነው?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። የውሃ አባቱም ሊስቅ አፉ ተንቀሳቅሶ ነበር። ወዲያው ግን ከሕዝቡ መካከል ሸማኔው ሲስቅ አየውና ፊቱ ጠቆረ።

«ይህን ማን ነው ያስጠናችሁ?» አለ።

«ሰባ ዓመቴ ነው። ለመናገር አስጠኚ ያስፈልገኛል?»

«እንግዲያው አትፈልጉኝም ማለት ነው።»

«እሱን ማን አለህ!» አሉ ትርንጎ፤ አሁን ተቆጡ። «እንዳንተ ውሃ አስተካክሎ የሚያካፍል የለም። ጆሮህን ከአጥራችን አንሣ ነው ያልንህ። ምን አገናኛቸው?»

ለእርሱ ግን ተገናኝተዋል። ቅናት የያዘው ሰው «ይህን አታድርግ» ስትለው «ጠላሁህ» ያልከው ይመስለዋል። አንተስ ትናንት ስለ ሰልፈኞቹ ስትነግረኝ ምን ነበር ያልከው? «ይሄ ሁሉ መንገድ የሠራንለት ሕዝብ!» አላልክም? እርሱም እንደዚያ ነው ያለው። ሽንኩርቴ የደረቀላችሁ ሰዎች! አለ። ጠባቂዎቹን አላነሣም፤ ሰባት አደረጋቸው። ማን ማን እንደመጣ፣ ማን ጮክ ብሎ እንደሳቀ ጠይቆ ያዘ።

ጎረምሶቹ ጎጆዎቹን እናፍርስ አሉ። ሽማግሌዎቹ ከለከሏቸው። «ክረምቱን ታገሡ። የምርጫው ቀን አለን። የምንለውን እዚያ እንላለን፤ እዚያ አያየንም» አሉ። ይህን ልብ በልልኝ። ያን አካባቢ በሰላም ያቆየው ሰባቱ ጠባቂ አይደለም። ያ ቀን ነው። ሰዎቹ እስከዚያ ድረስ የታገሡት ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ የሚቀመጥበት ጧት እንደሚመጣ ስላመኑ ነው።

ክረምቱ ገባ። ዝናብ ሲዘንብ መስኖ አያስፈልግም፤ ተራም የለም፣ ስርቆትም የለም። ጠባቂዎቹ ግን ከጎጇቸው አልተነሡም። እስከዚያ የተጠራጠረ ሰው ካለም ጠባቂዎቹ ለውሃው እንዳልተቀመጡ ያን ጊዜ አወቀ።

የምርጫው ቀን ደረሰ። ሁለት ሰዎች ተቀመጡ፤ እርሱና ሸማኔው። ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ሕዝቡ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ሌላ ዓመት ከጋቢው ሥር ሆኖ ስለሚያስጠርገው ቦይ ያስብ ነበር። ዘንድሮ ትንፋሹን ይዞ የእግር ኮቴ ይቆጥራል። አንዱ ወደ ግራ ሄደ። ይሄ የከባድ ሰው እግር ነው፤ እገሌ ይሆን? ግራ ደግሞ የሸማኔው ነው። ሌላ ሳል ሰማ፤ ሳሉን ያውቀዋል፣ ሳሉ ግን ከየት በኩል እንደመጣ አልለየውም። አሁንም ወደ ግራ። አሁንም። ቆይቶ ጠባቂዎቼን እጠይቃለሁ እንዳይል፣ የሚነግሩት እርሱ እንዲሰማ የፈለጉትን መሆኑን ውስጡ ካወቀው ቆይቷል። ዓመት ሙሉ ወሬ ሲለቅም ከርሞ አሁን ማንንም የማያምን ሰው ሆኗል። ትንሽ ቢታገሥ ሽማግሌው ስም ይጠሩ ነበር። እርሱ ግን ስሙን አልነበረም የፈለገው። ማን እንደሚወደው በዓይኑ ማየት ነው የፈለገው።

ጋቢውን ገፈፈና ዞረ።

ከዚያ በፊት ማንም ዞሮ አያውቅም። ሰዉ ባለበት ደረቀ። የውሃ አባቱ ዓይን መጀመሪያ የሄደው ወደ ሸማኔው ወገን ነው። ሃያ ሰው ይሆናል። ሁለቱ የራሱ ጠባቂዎች ነበሩ።

ከዚያ ወደ ራሱ ወገን አየ። ከሠላሳ ይበልጣሉ። አሸንፎ ነበር ልጄ! ሳያይ አሸንፎ ነበር። ከሁሉም ፊት የቆሙት ትርንጎ ናቸው፤ ግማሽ ቀን ያሳጠረባቸው፣ በሰው ፊት የሰደቡት ትርንጎ።

ሚስቱ ግን ገና አልደረሰችም ነበር። በሁለቱ ሰልፍ መካከል አንድ እግሯን አንሥታ ቆማለች። ወዴት እየሄደች እንደነበር ከአቋሟ አይታወቅም።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ዓይኗን ሰበረችና ወደ እርሱ ሰልፍ መጥታ ቆመች። ከእርሷ ቀጥሎ ሁለቱ ጠባቂዎች ከሸማኔው ኋላ ወጥተው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ ተሻገሩ። ከዚያ አንድ ባልና ሚስት። ከዚያ ሁሉም። የተናገራቸው የለም፤ የገሠጻቸውም የለም። ዞሮ ማየቱ ብቻ በቂ ነበር። ሸማኔው ጋቢውን እንደተከናነበ፣ ፊቱ ወደ ገደሉ እንደሆነ፣ ብቻውን ቀረ።

ያን ጊዜ ትርንጎ በትራቸውን አነሡና ከሰልፉ ወጡ።

«እናቴ፣ እርስዎ እኮ ከመጀመሪያውም ከእኔ ኋላ ነበሩ» አለ የውሃ አባቱ።

«ነበርኩ» አሉት። «ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሳታየኝ የመጣሁ ነኝ። አሁን እዚህ ከቆምኩ ፈርቼህ የመጣሁ ነው የምመስለው። ፈርታ መረጠች አልባልም።» ትንሽ ሄዱና ዞር አሉ። «ነበረህ እኮ ልጄ» አሉት፣ ወደ ቤታቸውም ሄዱ።

ሌሎቹ የእርሱ ሰዎች ግን መውጣት አልቻሉም። ቢወጡ የጠሉት ይመስላል፣ ቢቆዩ የፈሩት ይመስላል። አንገታቸውን ደፍተው እንደተገተሩ ቀሩ፤ የወደደውና የፈራው እኩል ተደባለቀ። ቆጣሪው ሽማግሌ የማንንም ትከሻ አልነኩም። «ሁላችሁም አንድ ቦታ ናችሁ፤ ምን ልቁጠር?» አሉና ሸማኔውን በትከሻው ይዘው አስነሡት። ሸማኔው ከኋላው ያለውን ባዶ መሬት አየ፣ የሕዝቡን ፊት አየ። ጋቢውን አጥፎ ሄደ።

ስም አልተጠራም። ሌላ ሰው ስለሌለ ግን እርሱ የውሃ አባት ሆኖ ቀጠለ።

ያ ዓመት ጸጥ ያለ ዓመት ነበር። ተራ ሲመድብ «እሺ»፣ ሲያዛባም «እሺ»። ቦይ ጥረጉ ሲል ሁሉም ቀድመው ይመጣሉ፣ ጠርገው ይሄዳሉ። ሲያልፍ የሚመርቁት በዙ። ምርቃቱ ግን ሆዱ አይገባም፤ እያንዳንዱን «እግዜር ይስጥልን» በሰማ ቁጥር ይሄኛው ቀድሞም ከእኔ ጋር ነበረ ወይስ የተሻገረ ነው ይላል። ቅናቱ አልበረደለትም፤ ባሰበት። ቀድሞ የሚቀናው በሸማኔው ነበር። አሁን በራሱ ቀና፤ በድሮው በራሱ፣ ሳያይ ተመርጦ ቦዩን እያየ በደስታ ይወርድ በነበረው ሰውዬ።

በመጨረሻ ጠባቂዎቹን አሰናበተ። ጎጆዎቹን በገዛ እጁ አፈረሳቸው። ሕዝቡ ቆሞ አየውና «እሺ» አለ። ከዚያም በኋላ ሰው በመታጠፊያዎቹ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በምርጫው ጧት፣ ገና ድንጋዩ ላይ ሳይቀመጥ፣ ሁሉም ቀድመው ከኋላው ተሰልፈው ጠበቁት። ሌላ ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ ሰው አልተገኘም።

በዚያ ቀን ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጠባቂዎቹን አንሥቻለሁ። አሁን የሚሰማን የለም» አላት። «በዚያን ጧት ስዞር መካከል ላይ ነበርሽ። ወዴት እየሄድሽ ነበር?»

«ወደ አንተ» አለች።

ወዲያው ነው የመለሰችለት፤ ቀና እንኳ ሳትል፣ ተራ ሲመደብላቸው «እሺ» በሚሉበት ድምፅ። ሳቋን ጠበቀ። አልመጣም። እውነቷን ይሆናል። ከልቧ ወደ እርሱ እየሄደች ይሆናል፤ እርግጡን እኔም አላውቅም። እርሱም እስኪሞት አላወቀም። አርባ ዓመት አብሯት ኖረ፤ ያችን አንዲት ቃል ሊያምናት ፈልጎ፣ ሊያምናት ሳይችል ሞተ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ገደሉ ሥር ያለው ድንጋይ ሕዝቡ የሰጠህ ወንበር ነው። የተከናነብከው ጋቢ «እስከዚህ እይ፣ ከዚህ ወዲያ አትይ» የሚልህ ሕግ ነው፤ ክብር እንጂ እስር አይደለም፤ እርሱን ከራስህ ላይ ከገፈፍከው የሚመርጥህ ሁሉ መራጭ መሆኑ ይቀራል። ጎጆዎቹ ካሜራዎችህ ናቸው። ሌባውን ያዝባቸው፤ ማን ከለከለህ? አንተ ግን እኔ ዘንድ መጥተህ የነገርከኝ ስለ ሌባ አይደለም። ማን በአንተ እንደሳቀ፣ ማን ከተቃዋሚው ጋር እንደታየ ነው። ዝናብ ሲዘንብም ከጎጆው ያልወጣ ጠባቂ አለህ ማለት ነው።

«ንጹሕ ሰው ቢታይ ምን ይጎዳዋል?» አልከኝ። ንጹሑ ሰው ትርንጎ ናቸው። የተጎዱት፣ ንጹሕ ፍቅራቸውን ይዘው የሚቆሙበትን ቦታ ስለነሣሃቸው ነው። አንተንም ይጎዳሃል፤ ከእንግዲህ ሠላሳ ሰው ቢወድህ፣ ሃምሳ ሰው ቢያጨበጭብልህ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ ካሜራ የለም። ትናንት ከኪስህ አውጥተህ ያሳየኸኝ የሰልፈኞቹ ስም ዝርዝር አለ አይደል? ያ ዝርዝር ላይ ያሉት ሰዎች እኮ ፊት ለፊት መጥተው፣ ስማቸውን ሳይደብቁ፣ ይህን ተውልን ያሉህ ናቸው። የማይተማመኑብህ ቢሆኑ ቤታቸው ተቀምጠው «እሺ» ይሉህ ነበር።

ይህችን ወረቀት አሁኑኑ ቀድደህ ጣልና ወደ አደባባዩ ሂድ። ማንንም ሳትልክ፣ ራስህ ሄደህ ቆመህ ስማቸው። ይሰድቡህ ይሆናል፤ ይስቁብህም ይሆናል። ቻለው። ዝም ሳይሉ ድረስባቸው።